ጎብኚው አውጪ፣ ክፍሉ ተቀባይ፦ ሲረግጡት የሚመልስ የድምፅ ክፍል አሠራር

የድምፅ ክፍል፣ ማለትም ጎብኚ ሲረግጠው በድምፅ የሚመልስ ክፍል፣ ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰው ብሩን መጀመሪያ የሚያፈሰው ስፒከር ላይ ነው። በእኛ ዝርዝር ግን ስፒከር አራተኛ ነው። ከሱ በፊት ክፍሉ ራሱ፣ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ሴንሰር፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የመልሱ ፍጥነት ይቀድማል። ወሎ ውስጥ መንዙማውም ሆነ ዘፈኑ የሚሄደው በአውጪና በተቀባይ ነው፤ ተቀባዩ አርፍዶ ከገባ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ጨዋታው ይፈርሳል። ጎብኚ ገብቶ የሚያጫውተው ክፍልም እንዲሁ ነው። ሰውየው እግሩን ሲያሳርፍ የሰማው ድምፅ የራሱ ሥራ መሆኑን ያኔውኑ ካላወቀ፣ ሃምሳ ስፒከር ቢደረደርለትም ሰምቶ ይወጣል እንጂ አይጫወትም።

ዘርፉ አዲስ አይደለም። ማክስ ኑሃውስ እ.ኤ.አ. በ1977 ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ ከእግረኛ መሄጃ ፍርግርግ ሥር የማያቋርጥ ድምፅ አኖረ። ካናዳዊው ዴቪድ ሮክቢ ደግሞ በ1980ዎቹ የሰውን እንቅስቃሴ በካሜራ እያየ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ሥርዓት ሠራ። የመጀመሪያው ከአላፊው ምንም አይጠብቅም፤ ሁለተኛው የሚነሣው በሰው እንቅስቃሴ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ወገን ነው፤ ያውም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ በተራ ክፍል ውስጥ፣ መብራት እየጠፋ እየመጣ ለሚሠራ።

መጀመሪያ ክፍሉ

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክፍል እንዲህ ነው፦ 6 በ5 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን። ይዘቱ 90 ሜትር ኩብ ይሆናል። ወለል፣ ጣሪያና ግድግዳ ሲደመር ስፋቱ 126 ካሬ ሜትር ነው። ልስንና ሲሚንቶ ከሚመታቸው ድምፅ የሚውጡት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የሚውጠው ስፋት ተጠቃሎ 3.8 ካሬ ነው ማለት ነው። ድምፅ ክፍል ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያሰላው የሳቢን ቀመር ይዘቱን በ0.161 አባዝታችሁ ለዚህ ቁጥር አካፍሉ ይላል። ውጤቱ 3.8 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ አንዴ ያጨበጨባችሁት ጭብጨባ በ60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እስኪወርድ ይህን ያህል ይንሳፈፋል። በእንዲህ ያለ ክፍል ሦስት እርምጃ የተራመደ ሰው ሦስቱንም ድምፅ ተጨማልቆ ነው የሚያገኘው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። 30 ካሬ ያህሉን ግድግዳ በወፍራም ባና ወይም በከባድ መጋረጃ ሸፍኑ። ጨርቁ ተወጥሮ ከተሰቀለ ብዙም አይውጥም፤ ግድግዳው 4 ሜትር ከሆነ 6 ሜትር ጨርቅ እጥፍጥፍ አድርጎ መስቀል ነው። ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ ካለ ደግሞ ከ850 ኸርዝ (በሰከንድ 850 ንዝረት) ጀምሮ ያለውን በደንብ ይይዛል፤ ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ ግን ቀጭኑን ድምፅ ብቻ በልቶ ወፍራሙን ይተወዋል፤ ክፍሉም የታፈነ ይመስላል። እንዲህ የለበሰ ግድግዳ ግማሹን ድምፅ ይውጣል ብለን ብናሰላ 3.8 ሰከንዱ ወደ 0.8 ይወርዳል። ሃያ ሰው ሲገባ ደግሞ የሰው ገላና ልብስ ራሱ ስለሚውጥ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል። ስለዚህ ባዶ ክፍል ውስጥ ያስተካከላችሁት ድምፅ በመክፈቻው ቀን ደርቆና ቀጥኖ ቢሰማ አትደንግጡ። ሲስተካከል አሥር ሰው አስቀምጡበት።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና የአቡጀዲ ኮርኒስ እንኳ ከሌለው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ምንም ነገር አይሰማም። ዝናቡን በድምፅ ለመብለጥ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ ይልቅ 35 ሚሊሜትር ስፋት ያላትን፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ የፒዞ ሳንቲም ከውስጥ በኩል ቆርቆሮው ላይ በኤፖክሲ አጣብቁና ዝናቡን ራሱን አጫዋች አድርጉት፤ ጠብታው በበረታ ቁጥር አንድ ወፍራም ድምፅ ከፍ ይላል። ፒዞዋ የምትገባበት ዕቃ የመግቢያው ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መሆን አለበት። ተራ የሚክስር መስመር ውስጥ በቀጥታ ከተሰካች ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና የሚቀረው ጭርጭር የሚል ነገር ነው።

እግር ካረፈ እስኪሰማ

እንደ ከበሮ ድንገት ለሚመታ ድምፅ፣ እግር ካረፈበት ጆሮ እስኪሰማ ከ30 ሚሊሰከንድ አይበልጥ። ቀስ ብሎ ለሚያድግ ድምፅ 100 ቢደርስም ችግር የለውም። ሒሳቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥሩት። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ስፒከሩ 3 ሜትር ከራቀ 9 ሚሊሰከንድ ከወዲሁ ሄደ። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና ሲሠራ 256 ናሙና የሚይዝ ማቆያ (ባፈር) 5.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ማቆያ ስለሚይዝ 11 በሉት። ለሴንሰሩ የሚተርፈው 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ብሉቱዝ ስፒከር አይሆንም፤ ብቻውን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ፣ ብዙ ጊዜም 200 ይወስዳል። ሁለተኛ፣ በየዩቲዩቡ የሚታየው ሁለት ዓይን ያለው የአልትራሳውንድ ሴንሰር፣ ኤችሲ-ኤስአር04፣ ለእግር ምት አይሆንም። በአንዱ መለኪያና በሚቀጥለው መካከል 60 ሚሊሰከንድ እረፍት ይፈልጋል፤ አምስት ሴንሰር ባንዴ ካስነሣችሁ የአንዱን ማሚቶ ሌላው ይሰማዋል፤ በየተራ ካስነሣችኋቸው ደግሞ ዙሩ 300 ሚሊሰከንድ ይሆናል።

እዚህ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ የለበሰ ሰው ፊቱ ሲቆም ልብሱ ሞገዱን ይውጥበትና ሰውየውን አያየውም። ፈረንጅ ጃኬት የለበሰው ሲጫወት ጋቢ የለበሱት አባት ዝም ካላቸው፣ ሥራው ከጅምሩ ከሽፏል። ርቀት መለካት የግድ ከሆነ ቪኤል53ኤል0ኤክስ የተባለችው የሌዘር ሴንሰር ትሻላለች፤ እስከ 1.2 ሜትር አስተማማኝ ናት፤ ጨርቅም እንደዚያኛው አያስቸግራትም። ሁለት ነገር ግን ትጠላለች። አንዱ ፀሐይ ነው፤ ከመስኮት የገባ ብርሃን ከተኛባት ርቀቷ ያጥራል። ሌላው፣ ሁሉም ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት አድራሻ ስላላቸው ከአንድ በላይ ካገናኛችሁ በማጥፊያ ፒናቸው አንድ በአንድ እያስነሣችሁ አድራሻ መቀየር አለባችሁ። ይህ በየማስነሻው የሚደገም ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አድራሻው ይረሳል።

የምንመክረው ግን ከሁሉ ቀላሉን ነው፦ የሚረገጥ ሰሌዳ። ከሥር 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ 16 ሚሊሜትር ቺፑድ፣ ከላይ በዚያው ልክ 4 ሚሊሜትር ስስ እንጨት። ሁለቱ በሚተያዩበት ፊት ላይ 50 በ50 የሆነ ስስ ላሜራ ይለጠፋል። ዙሪያውን 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ቁራጭ፤ መሃሉ ላይ አራት ወይም አምስት ትንንሽ የስፖንጅ ነጥብ። ከየላሜራው አንድ አንድ ሽቦ ይወጣል፤ አንዱ ወደ መሬት (ግራውንድ)፣ ሌላው ሰሌዳውን ወደሚያነበው ኢኤስፒ32 ወደተባለ ትንሽ መቆጣጠሪያ መግቢያ። ሰው ሲቆምበት ስሱ እንጨት ይጎብጥና ላሜራዎቹ ይነካካሉ፤ አለቀ። ዙሪያውንም በስፖንጅ የሠራ ሰው ግን ሳይቆይ ጉድ ይፈላበታል፤ ስፖንጅ ተጨፍልቆ ስለሚቀር ማንም ሳይቆምበት ሰሌዳው «ተረግጫለሁ» ይላል። ላሜራውን በአሉሚኒየም ፎይል ለመተካትም አትሞክሩ፤ ይቀደዳል።

ሽቦው 5 ሜትር ከሄደ የኢኤስፒ32 የውስጥ መሳቢያ (ፑል-አፕ ሬዚስተር) ይደክማል፤ ከመብራት መስመር የመጣ ሁካታ እንደ እግር ይቆጠራል። ከውጭ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት፣ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ደግሞ ወደ መሬት አስገቡ። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ንክኪ ከተቆጠረ በኋላ 30 ሚሊሰከንድ የሚመጣውን ሁሉ ዝለሉት፤ ላሜራ ሲነካካ አንዴ ሳይሆን አራት አምስት ጊዜ ነው የሚንጫጫው። በርቀት ሴንሰር ከሆነ መግቢያና መውጫው ይለያይ፦ 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ይነሣ፣ 120 ላይ ይተው። አንድ ቁጥር ላይ ካደረጋችሁት ድንበሩ ላይ የቆመ ሰው ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል።

የቀረው የመንካት ሴንሰር ነው። ኤምፒአር121 የተባለው ሰሌዳ 12 ንክኪ ይቀበላል፤ ለብረት ዕቃ ጥሩ ነው። ሲነሣ ራሱን ስለሚለካ ግን መብራት በመጣባት ቅጽበት ልጅ እጁን ካሳረፈበት፣ የልጁን እጅ እንደ ባዶ ቆጥሮ ይቀጥላል። ለጠባቂው፦ «መብራት ሲመጣ አምስት ሰከንድ ማንም እንዳይነካ» ብሎ መንገር ይበቃል።

ጫማ ማውለቅ ደግሞ ወሎ ላይ ማንንም አይከብድም። በር ላይ ምንጣፍ አንጥፋችሁ አስወልቁ፤ ሰሌዳው ዕድሜው ይረዝማል፤ የክረምቱ ጭቃም አይገባም፤ ክፍሉም ጸጥ ይላል።

የትኛው ቅኝት?

ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። አምስት ሰሌዳ፣ አምስት ድምፅ፣ አምስት ስፒከር ከተባለ ነገሩ በራሱ ይገጥማል። አራቱ ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ) ግን ለሕዝብ እኩል አይመቹም፤ ምክንያቱም ጎብኚ ሁሉንም ባንዴ ይረግጣል። መነሻውን 220 ኸርዝ አድርገን ብናስቀምጥ፣ ሙሉ ትዝታ 220፣ 247፣ 277፣ 330 እና 370 አካባቢ ይሆናል። እርስ በርሳቸው የተራራቁ ናቸው፤ ሃያ ሕፃን ቢዘልበትም አይጎረብጥም።

አምባሰል ግን 220፣ 233፣ 294፣ 330፣ 349 ነው። 220ና 233 አብረው ሲያዙ በሰከንድ 13 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ጆሮ ይህን እንደ ሻካራ ነገር ነው የሚሰማው። 330ና 349ም እንዲሁ 19 ጊዜ። ባቲ 277ና 294 ላይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ415 ወደ ላይኛው 440 ስትደርሱ ይነካካል። አንቺ ሆዬ (220፣ 233፣ 294፣ 311፣ 370) ከሁሉም ይብሳል። ይህ የቅኝቶቹ ጉድለት አይደለም፤ ማሲንቆ መቺ አንድ ክር ብቻ ስላለው ሁለቱን ጎረቤት ባንድ ላይ አይዛቸውም፤ ውበታቸውም ከአንዱ ወደ አንዱ በመንሸራተት ነው። ክፍሉ ግን ያን ስስት አያውቅም።

እና አምባሰል አገር ተቀምጦ አምባሰል አይሠራ? ይሠራል፤ በሁለት ዘዴ። ጎረቤት ድምፆችን በወለሉ ላይ አራርቋቸው፤ 220 በር አጠገብ ከሆነ 233 ከወዲያኛው ጥግ ይሁን። እንዲሁም አዲሱ ድምፅ ሲነሣ ጎረቤቱ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ እንዲከስም አድርጉ፤ ሌሎቹ ግን እስከ 3 ሰከንድ ይንሳፈፉ። በዚህ ሁኔታ የተረገጠው ሁሉ እንደ አንድ ክር ይሆናል። ከመካነ ሰላምም ሆነ ከወልዲያ የመጣ ሰው ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ቅኝቱን ያውቀዋል፤ ሲያውቀው ደግሞ ፊቱ ላይ ይታያል።

ከላይ ያሉት ቁጥሮች የፒያኖ ናቸው። ተጫዋቹ በጆሮው ነው የሚቃኘው፤ መነሻው ከዘፋኙ ጋር ነው የሚሄደው። ስለዚህ መጀመሪያ ማሲንቆውን ወይም ክራሩን ቅዱ፤ መነሻውን ለኩ፤ ሌላውን ሁሉ ወደሱ አምጡ። ተጫዋቹን ወደ ማሽኑ ማምጣት ቅኝቱን ያበላሸዋል። ለእያንዳንዱ ድምፅ አራት የተለያየ ምት ቅዱና ፕሮግራሙ በዘፈቀደ ይምረጥ፤ አንድ ምት ብቻ ከሆነ በአምስተኛው ርግጫ ላይ ማሽንነቱ ይነቃል። በ48 ሺህ ናሙናና በ24 ቢት፣ 6 ሰከንድ የሚረዝሙ ሃያ ቅጂዎች በሞኖ 17 ሜጋባይት ገደማ ናቸው። ሁሉንም አስቀድማችሁ ወደ ሜሞሪ ጫኑ እንጂ ከካርድ ላይ እያነበበ እንዳይጫወት። አጀማመሩ ላይ ድምፁ ከዜሮ ተነሥቶ በ5 ሚሊሰከንድ ከፍ እንዲል አድርጉ፤ ያለሱ በየእርምጃው ጠቅ ጠቅ ይላል።

ከሥር የሚሄደው የዳራ ድምፅ እንዳይደጋገም ርዝመታቸው የማይገናኝ ቅጂዎች ተጠቀሙ። 47፣ 61 እና 73 ሰከንድ የሆኑ ሦስት ቅጂዎች አብረው ቢዞሩ እንደገና አንድ ላይ የሚገጥሙት ከ58 ሰዓት በኋላ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ፣ የሐይቅ ዳር ጠዋት፣ የደሴ ፒያሳ ባጃጅ፤ ዕቃው ሞልቷል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንላለን፦ ቅዳሴንም ሆነ አዛንን፣ የቁርኣን ንባብንም፣ በእግር የሚረገጥ ሰሌዳ ላይ አታድርጉ። መንዙማም ቢሆን ባለቤቶቹ ፈቅደውና ሰምተውት፣ ሳይቆራረጥ፣ ከጥግ ባለ አንድ ስፒከር ነው የሚያምርበት።

ስፒከሩና መብራቱ

አሁን ስፒከር። 16 ሳንቲ ሜትር የመኪና ስፒከር ይበቃል፤ ሳጥን ውስጥ ካልገባ ግን ከፊቱና ከኋላው የሚወጣው ይጣፋና ወፍራም ድምፅ የለውም። እንስራ ውስጥ መክተት ለዓይን ያምራል፤ እንስራ ግን አንድ ድምፅ ይመርጥና እሱን ብቻ ያጓራል። ለዳራው ይሁን።

ስቴሪዮ አታድርጉ። ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ ነው የሚያምነው፤ ወደ አንዱ ስፒከር ሁለት ሜትር የቀረበ ሰው የሌላውን አቅጣጫ አይለይም፤ ሁሉም ከቅርቡ የመጣ ይመስለዋል። በክፍሉ ውስጥ ሰው ስለሚዞር የሁሉም ቦታ የተለየ ነው። እያንዳንዱ ስፒከር የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ይያዝ፤ በቆመ ሰው ጆሮ ልክ፣ 1.5 ሜትር ላይ። ለዚህ 7.1 የሚባለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ስምንት መውጫ ስላለው ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ርካሽ ካርድ መደርደር ግን ሰዓታቸው ስለማይገጥም ውሎ አድሮ ያንጫጫል። ከሱ ቀጥሎ ሦስት ባለ ሁለት መስመር ቲፒኤ3116 አምፕሊፋየር፣ ከፊቱ ፒዩር ዳታ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም የተጫነበት ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር።

ድምፁ ማንም ሳይኖር 50 ዴሲቤል፣ ሰው ሲረግጥ 65 ቢሆን ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። ብዙዎች ዳራውን ያስጮኹትና መልሱ ይሰወራል። ተማሪዎች በቡድን ሲገቡ እንዳይፈነዳ ባንዴ የሚሰሙትን በስምንት ገድቡ፤ ቁጥራቸው እጥፍ በሆነ ቁጥር እያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ይውረድ። ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚቆመውን ጠባቂ አስቡት፤ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የመጨረሻው ወሰን ነው፤ 88 ላይ 4 ሰዓት ብቻ።

መብራቱን በተመለከተ ሙሉውን በ12 ቮልት አሠሩት። ኢንቨርተር ርካሹ እዬዬ የሚል ድምፅ ያስገባል፤ ባትሪም ያባክናል። 70 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 420 ዋት ሰዓት ነው፤ ሥርዓቱ በአማካይ 20 ዋት ከበላ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 17 ሰዓት ያህል ይሄዳል። የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ይሞታል። ለፓይው 12ን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ 3 አምፒር መቀነሻ ያስፈልገዋል። ፓይውና አምፕሊፋየሩ ከአንድ ባትሪ ሲመገቡ ፓይው ሥራ በያዘ ቁጥር ጥዝዝ የሚል ድምፅ ከስፒከር ይወጣል፤ መሬታቸው በሁለት መንገድ ስለተገናኘ ነው። በድምፅ መስመሩ ላይ ትንሽ የመለያ ትራንስፎርመር ይገባል፤ አምፕሊፋየር መቀየር አይፈታውም።

መብራት በድንገት ሲቋረጥ የሚሞተው የፓይው ሜሞሪ ካርድ ነው። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ከማስተካከያው ውስጥ ካርዱ ተነባቢ ብቻ እንዲሆን አድርጉ፤ ፒዩር ዳታም ከማሽኑ ጋር ራሱ እንዲነሣ። ያም ሆኖ አንድ ቅጂ ካርድ በናስትሮ ሳጥኑ ክዳን ላይ ይለጠፍ። ማብሪያዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ ቁጥር ተጽፎባቸው። ጠዋት ፓይው ይቀድማል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አምፕሊፋየሩ ይከተላል። ማታ አምፕሊፋየሩ ቀድሞ ይጠፋል። ከተገላበጠ ስፒከሮቹ ባንዴ ቧ ይላሉ፤ የስፒከሩ ሽፋንም ሊጎዳ ይችላል።